በዝዋይ ደሴቶች መቃብር ፍለጋ

ባሌ መሞቱን ያረዱኝ በክፉው ቀን ዘመን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ ደጃፌ ላይ ተኮልኩለው ጠበቁኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ አንዲት ሚስት ታደርገዋለች የተባለውን ሁሉ አደረግኩ። ወር ሳይሞላ ልጄ ተከተለችው፤ ለእሷ ግን የማወጣው እንባ አጣሁ። የሰው እንባ ያልቃል ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ሳልስቅም ሳላለቅስም ኖርኩ። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» ይለኛል። እኔ ደንዝዤ ነበር እንጂ ምን ጥንካሬ ነበረኝ።

ያን ዘመን ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ከብቱ በአንድ ክረምት ውስጥ አለቀ። በሬ ያጣ ገበሬ በመቆፈሪያ ልረስ ቢል፣ መቆፈሪያ የሚያነሣ ጉልበት ከየት ይምጣ? እኛ የካ ላይ፣ ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ተረተር ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ ባሌ፣ የሁለት ዓመት ልጃችንና አማቴ። አንድ ቀን ባሌ ወሬ ይዞ ገባ። ታች ቆላ፣ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ባሉት ደሴቶች እህል አለ፤ ሰዉ ዓሣ እየበላ ጎተራውን ሳይነካ ተቀምጧል ይባላል አለ። አንዲት አህያ ቀርታን ነበር። እሷን ነዳና «በአሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ወረደ።

በሦስተኛው ወር አንድ የሰፈራችን በቅሎ ነጂ ከዚያው ከቆላ ተመለሰ። ሐሰተኛ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ከደሴቶቹ በአንዱ ታንኳ እስኪነሣ ሊሳለም ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወጥቶ ሳለ፣ በቅጥሩ ውስጥ ሰው መሬት ላይ ተጋድሞ አየ። በነጭ ተገንዟል። ቀሳውስቱ ከበውት ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። ፊቱን ሳይሸፍኑት በፊት አየውና የኔ ባል መሆኑን ለየ። ጠጋ ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ንዳድ ይሁን ፈንጣጣ የገደለውን በሽታ ፈራ፤ ታንኳውም ሊያመልጠው ነበር። በዚያው ሮጦ ተሳፈረ። ይህን ለሽማግሌዎች ነገረ፣ ሽማግሌዎቹ እኔን አረዱኝ። ያረዱኝ እንጦጦ በተጠጋንበት ጎጆ ደጃፍ ነው፤ ባሌ ከወረደ ብዙም ሳይቆይ እኔና አማቴ ልጅቷን አዝለን፣ ቤቱን ጥለን ወደ እንጦጦ ከተማ ወጥተን ነበር፤ እዚያ ከትልልቆቹ ቤት የሚራገፍ ፍርፋሪ ነበረና። የቤታችንን ክዳን ሳር ሰው ለማገዶ ወሰደው። ቀኑ ሲሻል ተመልሰን ሌላ ሳር ከደንን።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቤተ መንግሥቱም ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ወረደ። ከዚያ አንድ ሰው ፈለገኝ፤ ከእንጦጦ ሥር የሚያርስ፣ ሚስቱ በዚያው በክፉው ቀን የሞተችበት፣ ሦስት ልጆች የቀሩት ገበሬ። መልኩን ብትጠይቁኝ ያን ጊዜ ልብ ብዬ አላየሁትም። የተመቸኝ ነገር ቢኖር ዝምታው ነው። ሽማግሌ ይዞ መጥቶ እንኳ ሽማግሌዎቹ ናቸው ያወሩት። እሺ አልኩ። ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም። እሺ በይ ያሉኝ አማቴ ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። «ልጄ መሬት ገብቷል፤ አንቺ ገና አልገባሽም» አሉኝ።

የነፍስ አባቴ ግን አስቸገሩ። እኔና ባሌ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ በቁርባን የታሰረ ደግሞ የሚፈታው በሞት ነው። «ሬሳውን ያየ አለ?» አሉኝ። በቅሎ ነጂው አይቷል አልኩ። «መቃብሩንስ?» አሉኝ። በዚያ ዘመን ተዝካሩ ከተበላ በኋላ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ስንት ነበር። «ፍትሐቱን ያደረሰው ቄስ አፉን ሞልቶ ሞቷል ይበልሽ፤ ያን ጊዜ አጋባሻለሁ» አሉ። በሰማንያ ልግባ ብል ከልካይ አልነበረኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ በሰማንያ አይደል እንዴ የሚኖረው። ግን ቁርባን ያፈረሰች ተብዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቄ ልኑር? ምን ቆርጦኝ። ስለዚህ ያንን ቄስ ማግኘት ነበረብኝ። ካገኘሁት ባል አገባለሁ፤ ካጣሁት ሞተ የተባለ ሰው ሚስት ሆኜ አረጃለሁ።

በቅሎ ነጂውን የትኛው ደሴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ሁሉም አንድ ናቸው፤ ውሃ የከበበው ኮረብታ» አለኝ። ኮረብታ ላይ ያደገ ሰው ለኮረብታ ምን ደንታ አለው።

እማማ አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። ጥርሳቸው አልቋል፣ ጉልበታቸው ይንቋቋል፣ ቀበናን ለመሻገር እንኳ ሰው እጅ መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። ተው ብላቸው አልሰሜን ግባ በለው ሆነ። «ያንቺ ጉዳይ ከቄሱ ጋር ነው፤ የኔ ከመቃብሩ ጋር ነው። ልጄን በወሬ ነው የቀበርኩት። አፈሩን አይቼ ላልቅስለት» አሉ። ከሰፈር አንዲት በቅሎ ተዋስን፤ እሳቸው ሊቀመጡ፣ እኔ ልስብ።

ወደ ቆላ በሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ተጠጋን። ሲራራ ማለት በቅሎና አህያውን አሰልፎ፣ ጨውና ሸማ ጭኖ፣ ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ነው፤ ብቻውን መሄድ የፈራ መንገደኛ ሁሉ እሱን ይጠጋል። መንገደኛ ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው፤ ከጭነቱ ኋላ፣ አቧራው ውስጥ። አንዷ ዶሮዋን ታቅፋ ትሄዳለች፣ አንዱ የታመመ ወንድሙን በአህያ ጭኗል፣ አንዱ ደግሞ ከየካ እስከ አቃቂ ስለ አንድ የድንበር ክርክር ሲያወራ ውሎ ዱከም ስንደርስ እንደ አዲስ ጀመረው። የሲራራው አለቃ ሰዎች ሲጭኑ እንነሣለን፣ ሲያራግፉ እንቀመጣለን። ለኔ ይህ ተስማምቶኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ተነሺ ተቀመጪ ሲለኝ ማሰብ አልነበረብኝም።

እማማ ግን ከሰው ሁሉ ጋር ተላመዱ። የካ ተወልደው የካ ያረጁ ናቸው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ይመጣላቸዋል። ሲጸልዩ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ነው። የድንበሩን ባለ ክርክር በሁለቱም ቋንቋ ልክ ልኩን ነገሩትና ሰዉን አሳቁት። እኔን ዞር ብለው ያያሉ፤ እንደሳቅኩ ለማየት። ጥርሴን አሳይ ነበር፤ ለሳቸው ብዬ።

ሞጆን አልፈን አዋሽን ስንሻገር ውሃው ወገቤ ደረሰ። አንዲት ሴት በፍርሃት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ እኔ ልብሴ ረጠበ ከማለት በቀር ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሙቀቱ እየባሰ ሄደ። ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ግራሩ አጭር፣ መሬቱ ነጭ፣ ዝንቡ አይጣል ነው። እማማ ነጠላቸውን በውሃ ነክረው ራሳቸው ላይ ጣሉና «ሲኦል ሩቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከአዋሽ ማዶ ነው» አሉ። በስምንተኛው ቀን ሐይቁን አየነው። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ ውሃ ነው፤ ደሴቶቹ ራቅ ብለው ተነሥተዋል። ሲራራው ወደ ገበያው አለፈ። አለቃው ሲመለስ በስምንት ቀን ውስጥ እዚሁ ዳር ካገኘን እንደሚወስደን ነገረን፤ በቅሎዋንም ዳር ያሉ ሰዎች ዘንድ አስጠበቅን።

ታንኳ ስትባል እኔ የጠበቅኩት የእንጨት ገንዳ የመሰለ ነገር ነው። ያገኘነው ግን ውሃ ውስጥ የሚበቅል ቀላል እንጨት እንደ ችቦ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ውሃው ከታች ይገባል፤ መቀመጫህ ርሶ ትሄዳለህ። ቀዛፊው ከሲታ ሽማግሌ ነበር። የደሴቶቹ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ እሱ ግን ኦሮምኛ ስለሚችል ከእማማ ጋር ተግባቡ። ጉማሬ ካያችሁ አትጩኹ ይላል አሉኝ። «እኔ አልጮህም፤ ማርያምን ነው የምጠራው» አሉት። እሷንም ቀስ ብለው ይጥሯት አላቸው። እማማ ወደዱት። እስከ መጀመሪያው ደሴት ድረስ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የጥርስ ሕመሙን ሳይቀር ጠይቀው ጨረሱ።

የመጀመሪያው ደሴት ትንሽ ነበር። ጥቂት ጎጆ፣ እንደ ደረጃ የተካበ ማሳ፣ ገደል ዳር የተሰጣ መረብ። ቄስ የላቸውም፤ እኛ ሰው የምንቀብረው ሌላው ደሴት ወስደን ነው አሉ። ያም ሆኖ መንገደኛ መጥቶ የሞተ እንደሆነ ብለው እማማን ይዘው የድንጋይ ክምሩን ሁሉ አዞሯቸው። እማማ በየክምሩ አጠገብ እየቆሙ «ይህስ የማን ነው?» ይላሉ። የዚህ አባት፣ የዚያች እናት እየተባለ ሁሉም ባለቤት ተገኘለት። ለራት ዓሣ ጠብሰው ሰጡን። እኔ በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ትዝ አይለኝም። እማማ ግን ዓሣውን ገልብጠው አዩና «እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤ እባብ ነው» ብለው ቆሎአቸውን ቆረጠሙ።

ወደ ሁለተኛው ደሴት ስንሻገር ማዕበል ተነሣ። ታንኳዋ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። እማማ ጉልበቴን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። ብንሰጥም ምን ይቀርብኛል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አንድም ነገር አላገኘሁም። ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ውሃው አላስፈራኝም። ሁለተኛው ደሴት ላይ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ቄስ አገኘን። ባሌን በቁመቱ፣ በድምፁ፣ ግራ እጁ ላይ ባለው ጠባሳ ነገርኳቸው። «ከሸዋ የመጣ ሰው እኔ አልገነዝኩም። ትልቁ ደሴት ሂጂ፤ መነኮሳቱ ያሉት እዚያ ነው» አሉኝ። ሙት ፍለጋ ከደሴት ደሴት ሲንከራተቱ መዋል የሚሉት ጉድ ደረሰብኝ። እማማን ዳር እንተዋቸውና እኔ ብቻዬን ልሻገር ብል ቀዛፊው ሳይቀር ተቆጣኝ።

ትልቁ ደሴት ተራራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ አናቱ ላይ ተቀምጧል። ከግርጌው መንደር አለ፣ ከመንደሩ አለፍ ብሎ ደግሞ የሴት መነኮሳት ጎጆዎች። ከዚያ በላይ ሴት አትወጣም፤ ወሰኑ ላይ የድንጋይ ካብ አለ። እዚያ ካብ ሥር ተቀምጠን ሰው ላክን። አበምኔቱ ብዙም ሳይቆዩ ወረዱ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ መቋሚያቸው ከራሳቸው የሚረዝም ሽማግሌ ናቸው። ተሳለምናቸው። ከየት ናችሁ አሉን፤ ከየካ፣ ከእንጦጦ ሥር ነው አልኩ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ አህያ እየነዳ እህል ፍለጋ የመጣ የየካ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ።

«ፍትሐት አድርሰውለታል?»

«በገዛ አፌ።»

«ገንዘውታል?»

«በገዛ እጄ፤ እላይ ቅጥሩ ውስጥ» አሉ።

ስምንት ቀን በእግሬ፣ ሦስት ቀን በታንኳ የመጣሁለት ቃል ይኸው ነው። ጨርሻለሁ። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። እማማ ግን ጧፋቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው «መቃብሩን ያሳዩኝ አባቴ፤ እናቱ ነኝ። ሴት የማትወጣበት ከሆነም በሩቁ ያመልክቱኝ» አሉ።

 አበምኔቱ እንደሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«መቃብር የለውም እናቴ። ልጅዎ አልሞተም። መንኩሶ ነው» አሉ። ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዱን። ሰው ሲመነኩስ ለዚህ ዓለም ይሞታል። ስለዚህ በቁሙ ይገነዛል፤ መሬት ላይ ያጋድሙታል፣ የሙታን ጸሎት ይደርስለታል፤ ከዚያ ተነሥቶ ቆቡን ይደፋል። «አሁን ለገዳሙ ውሃ ይቀዳል» አሉ።

በቅሎ ነጂው ታንኳው እንዳያመልጠው ባይሮጥ ኖሮ ሬሳው ብድግ ሲል ያይ ነበር። እሱንም አልፈርድበትም። የካ ውስጥ ሰው ሲመነኩስ ያየ ማን አለ? እኛ መነኩሴ የምናውቀው ቆቡን ደፍቶ መቋሚያውን ይዞ ሲመጣ ነው። የነፍስ አባቴ ግን ጠርጥረው ኖሯል፤ መቃብሩንስ ያሉኝ ወደው አይደለም።

እማማ እልል ይላሉ፣ ወይም ይወድቃሉ ብዬ ነበር። ጧፉን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

«አንቺስ ምኑ ነሽ?» አሉኝ አበምኔቱ።

«ሚስቱ።»

የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን ስም በየዕለቱ ከሙታን ጋር እንጠራዋለን» አሉ። በዚያው ክረምት ከኛ አገር የተሰደደ አንድ ረሃብተኛ እዚህ ደርሶ ነበር። ባሌ ስለ ቤቱ ጠየቀው። ሰውየውም ክዳኑ የተገፈፈ፣ ምድጃው ላይ ሳር የበቀለበት ባዶ ቤት ማየቱን ነገረው፤ በዚያ ተረተር ላይ የተረፈ የለም አለው። እውነቱን ነው፤ እኛ እንጦጦ ወጥተን ነበራ። ባሌ አልቅሶልን፣ ተዝካራችንን አስቀድሶ መነኮሰ። እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ከሙታን ጋር ስጠራ ኖሬያለሁ። ሲነግሩኝ አልደነገጥኩም። እንዲያውም ነገሩ ልክ መሰለኝ።

አበምኔቱ ግን ተጨነቁ። ሚስቱ በሕይወት ያለች ሰው ያለ ፈቃዷ ቆብ አይደፋም። «ሳናውቅ አድርገነዋል። አሁን ነገሩ ባንቺ አፍ ነው። ይምጣ ካልሽ ቆቡን አውልቆ ይከተልሻል፤ የሚወቅሰው የለም። ይቆይ ካልሽ ከዛሬ ጀምሮ ለዓለም ሙት ነው፤ አንቺም ነፃ ነሽ፤ ለነፍስ አባትሽ እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ሰው ልከው አስጠሩት።

ወረደ። ከስቷል፣ ጢሙ ወርዷል፣ እግሩ ነቃቅቷል። ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። እናቱን አየ፤ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። እማማ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆቡን ሳይነኩ ጆሮውን፣ አንገቱን ደባበሱት። ወደኔ ዓይኑን አላነሣም። እኔ ደግሞ አንተ ልበለው እርስዎ ልበለው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ልብ ይመታል፣ ጉልበት ይርዳል ይላሉ፤ ከኔ ምንም አልመጣም። ያለቀስኩለት ሰው ሌላ ነው፤ ይህ የማላውቀው መነኩሴ ነው።

«ልጅቷስ?» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እሷ እውነትም ሞታለች» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ለዚህም አልቅሶ ጨርሶ ኖሯል።

«ትመጣለህ ወይ?» አልኩት። አንተ አልኩት በመጨረሻ።

«ካልሽ እመጣለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ ቢባል ያ ንዴት ነው። እመጣለሁ ቢለኝ፣ ናፍቄሻለሁ ቢለኝ፣ ወይም አልመጣም፣ ተዪኝ ቢለኝ ምናለበት? ካልሽ አለኝ። ሸክሙን እንዳለ ጀርባዬ ላይ ጣለና ቆመ። ወደ እማማ ዞርኩ። አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ልጄን አምጪልኝ ቢሉ፣ አደርገው ነበር። እህል በጠፋ ጊዜ የደረሳቸውን ፍርፋሪ ከፍለው ለልጄ ያጎረሱ ሴት ናቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ የመጡት እማማ አሁን ከንፈራቸውን ገጥመው ሐይቁን ያያሉ።

«እማማ፣ ምን ልበል?» አልኳቸው።

«ለኔ ብለሽ ምንም እንዳትዪ። ልጄ ነው፤ ግን አንቺ ነሽ አብረሽው የምትኖሪ» አሉ።

ቆሜ አሰብኩ። እሱ ቆቡን አውልቆ ከኛ ጋር ቢወርድ፣ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ምን እንደምንባባል ለማየት ሞከርኩ። ሁለታችንም ተለቃቅሰን የጨረስን ሰዎች ነን። «ይቆይ» አልኩ።

አበምኔቱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ባሌ፣ ባሌ የነበረው ሰው፣ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ዛሬም አላውቅም። ለእናቱ አንዴ፣ ለኔ አንዴ እጅ ነሥቶ ዳገቱን ወጣ።

አሁን እንሂድ እማማ ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙኝም።

«እንግዲህ እኔም እቆያለሁ» አሉ። በእጃቸው ወደ ሴት መነኮሳቱ ጎጆዎች አመለከቱ። «ባልቴት ስትመነኩስ አዲስ ነገር አይደለም። ቀኔም ደርሷል። ውሃ ሲቀዳ በሩቁ አየዋለሁ።»

«እኔስ ማን አለኝ?» አልኩ። እንዲህ ማለቴ ራሴን ገረመኝ።

«አንቺ ባል ይጠብቅሻል፣ ሦስት ልጆች ይጠብቁሻል። እኔን የሚጠብቀኝ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ የካ ቢሆን እዚህ ቢሆን ምን ልዩነት አለው?»

«ዓሣውን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«መነኩሴ ዓሣ አይበላም» አሉኝ፣ እንደ መኩራራት ብለው። ግንባሬን ሳሙኝ። እሱን ይቆይ ስል እሳቸውንም ይቆዩ ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ታንኳ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ቀዛፊው ባልቴቷ የት ቀሩ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። የምንግባባበት ቋንቋ ስለሌለን በእጄ ወደ ጎጆዎቹ አመለከትኩለት።

በቅሎዋን ይዤ፣ የአበምኔቱን ወረቀት በጡቴ ሸጉጬ፣ ከሲራራው ጋር ተመለስኩ። ወረቀቱ በኋላ ለነፍስ አባቴ ተነበበ፤ ከፋሲካ በኋላ ያ ገበሬ አገባኝ፤ እስከ ዛሬም አብረን አለን፣ ዝምታውም አልተለወጠም። ልናገር የፈለግኩት ግን የካ የገባሁበትን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀበናን ተሻግሬ በቅሎዋን እየሳብኩ ወደ ሰፈር ስወጣ፣ ልብስ የምታጥብ ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ኮርቻውን አየች። ባዶ ነው። እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወይኔ እማማዬ!» ብላ ጮኸች። ከየደጁ ሰው ወጣ። መቀነታቸውን የሚያስሩት፣ ነጠላቸውን የሚያዘቀዝቁት፣ ሁሉም ወደኔ መጡ።

አልሞቱም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ደህና ናቸው፣ መንኩሰው ነው፣ ልጃቸውም በሕይወት አለ ልል ነበር። «አልሞቱ…» ከማለቴ አራት ዓመት የጠፋው እንባ መጣ። ከሆዴ ነው የመጣው፤ አልቆም አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለልጄ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፣ ማታ ቤት ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው እንደሌለ አስቤ አለቀስኩ። «አልሞቱም፣ አልሞቱም» እላለሁ በመካከሉ። እንዲህ እያለቀሰች አልሞቱም የምትልን ሴት ማን ያምናል? ሴቶቹ በሁለት ብብቴ ይዘው አስገቡኝ፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ድምፄ ሲመለስ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያባብሉ። እኔም መከራከሩን ተውኩት።